አድራሻ ቢለወጥ ባለቤቱ አይለወጥም

አንድ ነጋዴ ሱቁን ከመርካቶ ወደ ቦሌ ቢያዛውር የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ አብሮት ይሄዳል። የአድራሻ ለውጡን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያስታውቃል፤ መዝገቡ ይስተካከልለታል፤ ሥራውም ይቀጥላል። ዕዳውም ሆነ መብቱ በአሮጌው ሱቅ በር ላይ ተንጠልጥሎ አይቀርም። ሰውየው አንድ ነገር፣ ሰውየው የሚገኝበት ቦታ ደግሞ ሌላ ነገር መሆኑን የንግዱ ዓለም ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

ወደ ኢ-ሜይል ሲመጣ ግን ይህ ቀላል ቁም ነገር የተዘነጋ ይመስላል። በብዙ መዝገቦች ውስጥ አድራሻው ራሱ ሰውየው ሆኖ ተቀምጧል። አድራሻው ከጠፋ ሰውየውም ጠፋ፤ አድራሻውን ሌላ ሰው ከያዘው ደግሞ ያ ሌላ ሰው ባለመብት ሆነ ማለት ነው። ይህ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ የሚያልፈው ነጋዴ ካለ ተሳስቷል። ጉዳዩ የጨረታ ማስታወቂያው ደረሰኝ ወይስ አልደረሰኝም፣ የውጭ አገር ገዢው የጻፈልኝን አገኘሁት ወይስ ሳላገኘው ቀረሁ የሚል የገንዘብ ጉዳይ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። አንድ የላኪዎች ማኅበር ወይም አንድ ንግድ ምክር ቤት ለመቶዎችና ለሺዎች አባላቱ በአንድ ጊዜ መልእክት ለማድረስ የሚጠቀምበት የሶፍትዌር ዓይነት አለ። ሜይሊንግ ሊስት ይሉታል። ወደ አንድ የጋራ አድራሻ የተላከው ደብዳቤ በዝርዝሩ ላይ ለሰፈሩት አባላት ሁሉ ተባዝቶ ይሄዳል። ሥራው አዲስ አይደለም። ኤሪክ ቶማስ ሊስትሰርቭን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1986 ሲሆን ብሬንት ቻፕማን ደግሞ ማጆርዶሞን በ1992 አበረከተ። በዚያው አሥርት ዓመት ሜይልማን ተከተለ። ሜይልማን ዋጋ የማይከፈልበትና ምንጩ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር በመሆኑ በዩኒቨርሲቲዎችና በልዩ ልዩ ማኅበራት ዘንድ በሰፊው ተሠራጭቷል። ስለሆነም የችግሩን ምንነትና የመፍትሔውን አቅጣጫ ለማሳየት ከእርሱ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

አምስት ዝርዝር፣ አምስት ሰው

በሁለተኛው የሜይልማን ትውልድ አሠራር አባል የሚባለው አድራሻው ነው። እያንዳንዱ ዝርዝር የራሱን መዝገብ ለብቻው ይይዛል። አንድ ሰው በአንድ ሰርቨር ላይ ባሉ አምስት ዝርዝሮች ቢመዘገብ ሶፍትዌሩ የሚያውቀው አምስት አባላትን እንጂ አንድን ሰው አይደለም። የይለፍ ቃሉም በየዝርዝሩ ለየብቻ ነው። አባላት እንዳይረሱት ተብሎም በየወሩ የመጀመሪያ ቀን የይለፍ ቃሉ በግልጽ ጽሑፍ በኢ-ሜይል ይላክላቸው ነበር። የካዝና ቁልፍን በየወሩ በክፍት ፖስታ እንደ መላክ ያለ ነገር ነው።

ለእውነት ለመቆም ያህል፣ ይኸው ትውልድ አድራሻውን የሚለውጥ አባል በዚያው ሰርቨር ላይ ባሉት ዝርዝሮች ሁሉ እንዲለወጥለት የሚመርጥበት ቦታ አበጅቶ ነበር። ይሁንና ይህን ምልክት ማድረግ የረሳ ሰው በአንዱ ዝርዝር አዲስ፣ በአራቱ አሮጌ ሆኖ ይቀራል። ከአዲሱ አድራሻው ወደ አሮጌው ዝርዝር ቢጽፍም ሶፍትዌሩ አያውቀውም። እንደ ባዕድ ተቆጥሮ ደብዳቤው የዝርዝሩ ኃላፊ እስኪፈቅድለት ድረስ ይታገዳል። ለአሥር ዓመት አባልነት መዋጮውን የከፈለ ሰው በገዛ ማኅበሩ በር ላይ «ማን ልበል?» ይባላል ማለት ነው።

ለሟቹ የተላከ መርዶ

ከዚህ የባሰው ደግሞ አድራሻው ሲሞት የሚደርሰው ነው። የተላከው ደብዳቤ ተቀባይ አጥቶ ሲመለስ ሶፍትዌሩ ነጥብ ይቆጥራል። በሜይልማን 2.1 የተለመደ አሠራር በቋሚነት ለተመለሰ 1 ነጥብ፣ ለጊዜው ሳይደርስ ለቀረ ግማሽ ነጥብ ይያዛል፤ በአንድ ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ አይቆጠርም። ነጥቡ 5 ሲሞላ መልእክት መላኩ ይቋረጣል። ከዚያም በ7 ቀን ልዩነት 3 ማስጠንቀቂያዎች ይላካሉ። ምላሽ ከሌለ አባሉ ከዝርዝሩ ይሰረዛል።

አሠራሩ በራሱ ክፉ አይደለም። ለማይቀበል አድራሻ ደብዳቤ ሲጎርፍ የሚኖር ሰርቨር በሌሎች ዘንድ ስሙ ይጠፋል፤ የደኅናዎቹ አባላት ደብዳቤም ሳይቀር እንደ ቆሻሻ መቆጠር ይጀምራል። ስለዚህ ማጽዳት ግድ ነው። ችግሩ ግን ማስጠንቀቂያው የሚላከው ወዴት ነው? ወደዚያው ደብዳቤ አልቀበል ወዳለው አድራሻ ነው! መርዶውን ለሟቹ ራሱ እንደ መላክ ይሆናል። ሶፍትዌሩ ሌላ ምርጫ የለውም፤ ከዚያ አድራሻ በስተጀርባ ሰው መኖሩን አያውቅምና። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ከሦስት ወር በኋላ «ምነው ከማኅበሩ ወሬ ጠፋ?» ብሎ ሲጠይቅ ስሙ ከዝርዝሩ ከወጣ ሰንብቷል፤ ጨረታውም ተከፍቶ አሸናፊው ታውቋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው።

ሰውየው፣ አድራሻው፣ አባልነቱ

እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ሜይልማን 3 ነገሩን ከመሠረቱ ለወጠው። በአዲሱ አሠራር ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንደኛው ተጠቃሚው ነው። የማይለወጥ የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ እንደ ግብር ከፋይ ቁጥር ይቁጠሩት። ሁለተኛው አድራሻው ነው። አንድ ተጠቃሚ የሥራም፣ የግልም፣ የድሮም አድራሻ በስሙ ሊያስመዘግብ ይችላል፤ አንድ አድራሻ ግን በአንድ ጊዜ የሁለት ተጠቃሚዎች ሊሆን አይችልም። ሦስተኛው አባልነቱ ነው፤ ይኸውም ተጠቃሚውን ወይም አድራሻውን ከአንድ ዝርዝር ጋር የሚያገናኘው ውል ነው።

ከአድራሻዎቹ መካከል ተጠቃሚው አንዱን «ዋና» ብሎ ይመርጣል። ለመመረጥ ሁለት ቅድመ ሁኔታዎች አሉ፤ አድራሻው የእርሱ መሆን አለበት፣ የእርሱ መሆኑም የተረጋገጠ መሆን አለበት። በዝርዝር ላይ ሲመዘገብም ሁለት መንገድ አለው። «በዚህ አድራሻ መዝግቡኝ» ካለ አባልነቱ ከዚያው አድራሻ ጋር ይታሰራል። «እኔን መዝግቡኝ» ካለ ግን ደብዳቤው ምንጊዜም ዋና ወደተባለው አድራሻ ይሄዳል። ዋናውን በአንድ ቦታ ሲለውጥ በአምስቱም ዝርዝር የሚደርሰው ደብዳቤ አቅጣጫውን ይለውጣል።

ይህ ጸሐፊ ሁለተኛውን መንገድ ይደግፋል፤ ለንግድ ድርጅት አባላትም የተለመደው ምርጫ መሆን ያለበት እርሱ ነው ብሎ ያምናል። ምክንያቱም ማኅበሩ መዋጮ የሚቀበለው ከአባሉ እንጂ ከአባሉ አድራሻ አይደለም። አንደኛው መንገድ ግን ጨርሶ ይቅር ማለት አይደለም። የቡና ዋጋ ወሬውን በሥራ አድራሻው፣ የዕድሩን ማስታወቂያ በግል አድራሻው መቀበል የሚፈልግ ሰው አለና ለእርሱ በአድራሻ መመዝገቡ ይጠቅመዋል።

ከዚሁ ጋር ሶፍትዌር ሠሪዎቹም ሆኑ የሰርቨር አስተዳዳሪዎቹ ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። ተጠቃሚው ሁለትና ሦስት የተረጋገጡ አድራሻዎች ካሉት አንደኛው ሲሞት ማስጠንቀቂያው ለቀሩት ሕያዋን ሊላክ ይገባል። መረጃው በመዝገቡ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ አለመጠቀም መብራት ይዞ በጨለማ መደናበር ነው።

ሁለት መዝገብ፣ አንድ ገንዘብ ያዥ

ታዲያ ሁሉ ነገር ተፈታ ማለት ነው? አይደለም። ሜይልማን 3 ደብዳቤውን የሚያከፋፍል አንድ ክፍል፣ አባላት በድረ ገጽ በኩል ገብተው ምርጫቸውን የሚያስተካክሉበት ደግሞ ሌላ ክፍል አለው። ሁለቱም የየራሳቸው የመረጃ ቋት አላቸው። በድረ ገጹ በኩል የተከፈተው አካውንት «ዋና» የሚለው አድራሻ አለው፤ በማከፋፈያው በኩል ያለው ተጠቃሚም እንዲሁ ተመራጭ አድራሻ አለው። ስማቸው ይመሳሰላል፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። አንደኛው የይለፍ ቃል ሲረሳ ማስታወሻው የሚላክበት፣ ሌላኛው የዝርዝሩ ደብዳቤ የሚሄድበት ነው።

ይህን ማንኛውም የሒሳብ ሠራተኛ በቀላሉ ይረዳዋል። የባንክ መግለጫና የድርጅቱ ጥሬ ገንዘብ መዝገብ ሁለት ሆነው መኖራቸው ኃጢአት አይደለም። ኃጢአቱ በየወሩ አለማስታረቅ ነው። አባሉ በድረ ገጹ ላይ አዲሱን አድራሻ ዋና አድርጎ «አበቃሁ» ብሎ ሲቀመጥ በማከፋፈያው መዝገብ ውስጥ አሮጌው እንዳለ ከቀረ፣ አባሉ በሁለት መዝገብ ሁለት ሰው ሆኗል። ስለዚህ ይህን ሶፍትዌር የሚተክል ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ማየት ያለበት፣ በአንደኛው በኩል የተደረገ ለውጥ ወደ ሌላኛው መተላለፉን ነው። ካልተላለፈ ደግሞ አባሉ ሁለቱም አድራሻዎች ጎን ለጎን በአንድ ገጽ ላይ ይታዩት። ተደብቆ ከሚሠራ መላ በግልጽ የሚታይ ልዩነት ይሻላል።

ዋናው አድራሻ የካዝና ቁልፍ ነው

ዋናውን አድራሻ መለወጥ እንደ ቀላል የጽሕፈት እርማት መታየት የለበትም። የይለፍ ቃል ሲረሳ አዲሱ የሚላከው ወደዚያ ነውና አድራሻውን የያዘ አካውንቱን ያዘ። አካውንቱን የያዘ ደግሞ በድርጅቱ ስም ይጽፋል። በአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ ሥር ያለው የኢንተርኔት ወንጀል አቤቱታ ማዕከል በንግድ ኢ-ሜይል ላይ በተፈጸመ ማጭበርበር እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ከ2.9 ቢሊዮን ዶላር በላይ ኪሣራ እንደደረሰ የቀረቡለትን አቤቱታዎች ደምሮ አስታውቋል። የማጭበርበሩ ዓይነተኛ መንገድም የታወቀ ነው፤ ከሻጩ የመጣ በሚመስል ደብዳቤ «የባንክ ሒሳብ ቁጥራችን ተለውጧል» ይባላል፤ ገዢውም አምኖ ይልካል።

ስለዚህ ዋና አድራሻ ሲለወጥ ሦስት ነገሮች ሊሟሉ ይገባል። አንደኛ፣ አዲሱ አድራሻ በተላከለት ማረጋገጫ በኩል የባለቤቱ መሆኑ ይረጋገጥ፤ እስኪረጋገጥ ድረስም አሮጌው ዋና ሆኖ ይቆይ። በአንድ ፊደል ስሕተት የተጻፈ አድራሻ ዋና ቢሆን ባለቤቱ ከገዛ ቤቱ ውጭ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ለአሮጌው አድራሻ «ዋና አድራሻዎ ሊለወጥ ነው፤ እርስዎ ካልሆኑ አሁኑኑ ያሳውቁ» የሚል ደብዳቤ ይሂድለት። ሦስተኛ፣ የመጨረሻውን የተረጋገጠ አድራሻ መሰረዝ አይፈቀድ፤ መድረሻ የሌለው አካውንት ባለቤት የሌለው ቤት ነውና።

አንድ ሰው ሳያውቅ ሁለት አካውንት የከፈተ እንደሆነም ጥንቃቄ ያሻል። ማዋሐድ የሚቻለው ሁለቱንም አድራሻ በእጁ መያዙን ሲያሳይ ብቻ ነው። የስም መመሳሰል ማስረጃ አይሆንም። በአዲስ አበባ ስንት አበበ ከበደ እንዳለ አንባቢ ያውቃል።

አድራሻ ሲሞትና ሌላ ሲወርሰው

«የድሮ አድራሻዬን ትቼዋለሁ፤ ማን ይነካዋል?» የሚል ይኖራል። ያሁ እ.ኤ.አ. በ2013 ለረጅም ጊዜ ያልተጠቀሙባቸውን አድራሻዎች ለአዲስ ጠያቂዎች እንደሚሰጥ አስታወቀ። በዚያው ዓመት አዲሶቹ ባለቤቶች የቀድሞዎቹን ሰዎች የግል ደብዳቤ እየተቀበሉ መሆኑ በዜና ተሰማ። ጉግል በበኩሉ ለ2 ዓመት ያልተነካ የግል አካውንት መሰረዝ እንደሚችል በ2023 አስታውቆ ከዚያው ዓመት ዲሴምበር ጀምሮ ተግባራዊ ማድረግ ጀምሯል። በአገራችንም ኢንተርኔት በ1997 እ.ኤ.አ. ከገባ ወዲህ በቢዝነስ ካርዶች ላይ በቴሌ ስም የሚያልቁ አድራሻዎች ስንት ጊዜ እንደተተኩ ካርድ የሚሰበስብ ሰው ያውቀዋል። አድራሻ እንደ ኪራይ ቤት ነው። ተከራዩ ሲለቅ ሌላ ይገባበታል፤ ወይም ቤቱ ይፈርሳል።

ወደ ንግድ ቤቶቻችን ስንመለስ ችግሩ ሌላ ገጽታ አለው። ብዙ ድርጅቶች በማኅበርና በጨረታ መዝገብ ላይ የሚያሰፍሩት የአንድ ሠራተኛን የግል አድራሻ ነው። ኢ-ሜይል የሚያነበው እርሱ ስለሆነ እርሱን አስመዘገቡት። ሠራተኛው ወደ ተወዳዳሪ ድርጅት ሲዛወር የድርጅቱ አባልነት በኪሱ ይዞ ይሄዳል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ መዝገቡ ድርጅቱን ሳይሆን እርሱን ስለሚያውቅ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የዋጋ መጠየቂያ ሁሉ የሚያርፈው በእርሱ ስልክ ላይ ይሆናል። እርሱም ላለመጨቃጨቅ ዝም ይላል፤ ወይም ያነበውን ለአዲሱ አሠሪው ያወራል።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ድርጅቱ የራሱ የሆነ የኢንተርኔት ስም ይኑረው፤ በዚያም ሥር «ሽያጭ»፣ «ግዥ»፣ «ሒሳብ» የሚል በሥራ ክፍል የተሰየመ አድራሻ ያቋቁም። የማኅበሩ አካውንት ዋና አድራሻ ይህ ይሁን። ሠራተኛው ሲለወጥ የሚለወጠው የይለፍ ቃሉ ብቻ ይሆናል። በተጨማሪም ሁለተኛ የተረጋገጠ አድራሻ፣ ለምሳሌ የሥራ አስኪያጁ፣ በመጠባበቂያነት ይመዝገብ።

ተቃውሞዎቹስ?

«የእኛ ማኅበር 60 አባላት ብቻ ነው ያሉት፤ ጸሐፊዋ በእጇ ታስተካክለዋለች» የሚል አስተያየት ይሰነዘራል። እውነት አለበት። ሁሉም በሚተዋወቅበት ቤት ደብተርና እስክሪብቶ ይበቃል። ሆኖም ጸሐፊዋ ስልክ ተደውሎ «የእገሌ ድርጅት ነኝ፣ አድራሻችንን ለውጪልን» ስትባል ደዋዩ ማን እንደሆነ በምን ታረጋግጣለች? እምቢ ብትል እውነተኛውን አባል ታስቀይማለች፤ እሺ ብትል ሌባ ልታስገባ ትችላለች። ሥርዓት የሚያስፈልገው እርሷን ከዚህ ጭንቅ ለማውጣት ነው።

ሁለተኛው «አሁን ዘመኑ የቴሌግራም ነው» የሚለው ነው። ለአገር ውስጥ ገበያ ወሬ ቴሌግራም እንደሚቀድም አይካድም። ነገር ግን ያም አካውንት የታሰረው በስልክ ቁጥር ነው። ሲም ካርዱ የሠራተኛው ከሆነ ያው ችግር ልብሱን ለውጦ መጣ ማለት ነው። የውጭ አገር ገዢና ባንክ ደግሞ ሰነድ የሚለዋወጡት እስካሁን በኢ-ሜይል ነው።

ሦስተኛውና ክብደት የሚሰጠው ተቃውሞ ምሥጢርን የሚመለከት ነው። የአንድን ሰው አድራሻዎች ሁሉ በአንድ ስም ሥር መሰብሰብ ለዝርዝሩ ኃላፊ የሰውየውን ገመና መግለጥ አይሆንም ወይ? ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማያያዝ በባለቤቱ ፈቃድ ብቻ ይሁን፤ የተያያዙትንም አድራሻዎች ሙሉ ዝርዝር የሚያየው ባለቤቱ ይሁን እንጂ ተራ የዝርዝር ኃላፊ አይሁን። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ መረጃ የሚይዝ ሁሉ የያዘው ትክክለኛ መሆኑን የመጠበቅ፣ ባለቤቱ ሲጠይቅም የማረም ግዴታ አለበት። የሰውየውን የቀድሞ አድራሻ እንደ ሰውየው ቆጥሮ መያዝ ከእንግዲህ ስንፍና ብቻ ሳይሆን የሕግ ጥያቄም ጭምር ነው።

ዛሬም በሜይልማን 2.1 የሚሠሩ ሰርቨሮች አሉ። ይህ ትውልድ የተገነባበት የፓይተን 2 ቋንቋ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ስለቆመ ወደ አዲሱ መሸጋገሩ ይዋል ይደር እንጂ አይቀርም። ሲሸጋገሩ ግን የድሮውን አድራሻ ሁሉ እንዳለ ገልብጦ መጫን ብቻ በቂ አይሆንም። ለእያንዳንዱ አባል «የትኞቹ አድራሻዎች የእርስዎ ናቸው? ዋናው የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለማኅበራት ጥሩው ጊዜ የአባልነት ዕድሳት የሚደረግበት ወቅት ነው፤ አባሉ ያን ጊዜ ራሱ ቀርቦ ይፈርማልና ማንነቱን ማወቅ አይቸግርም።

ነጋዴውም በበኩሉ ማንንም ሳይጠብቅ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። ድርጅቱ የተመዘገበባቸውን የማኅበር፣ የጨረታ፣ የባንክና የአቅራቢ ዝርዝሮች በወረቀት ላይ ያስፍር፤ በየአንዳንዱ ፊት ለፊት የትኛው አድራሻ እንደተሰጠና የይለፍ ቃሉ በማን እጅ እንዳለ ይጻፍ። ባዶ የሚቀር ወይም ከድርጅቱ የወጣ ሰው ስም የሚሰፍርበት መሥመር ከተገኘ መጀመሪያ የሚስተካከለው እርሱ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና የሚቀጥለው የጨረታ ማስታወቂያ ሳይወጣ ቢያደርገው ይመረጣል።